የሚደማው ቁስልና የማይደማው

የኤም ኤም ኤ (የቅይጥ ማርሻል አርት) ፍልሚያ በቴሌቪዥን ሲታይ ቤቱ በሁለት አጋጣሚ ይንጫጫል። አንደኛው የአንዱ ተፋላሚ ቅንድብ ተሰንጥቆ ፊቱ በደም ሲታጠብ ነው፤ «ኧረ አቁሙት፣ ልጁ ሊሞት ነው!» ይባላል። ሁለተኛው ዳኛው መሃል ገብቶ ፍልሚያውን ሲያቆም ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ምን ሆነና ነው? ገና ቆሞ እየተፋለመ!» ይባላል። ስለዚህ ስፖርት ጉዳት ያለን ስህተት በአብዛኛው ከእነዚህ ሁለት ጩኸቶች አይወጣም። የምንደነግጠውም የምንረጋጋውም ያለቦታው ነው።

«ደም የበዛበት ፍልሚያ ከሁሉም አደገኛ ነው» የሚለውን እንይ። የቅንድብ ቆዳ ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ጠርዝ አለው፤ ፊት ደግሞ በደም ሥር የተሞላ ነው። ስለዚህ ትንሿ ስንጥቅ ብዙ ታደማለች። በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት የተካሄዱ 171 ፍልሚያዎችን የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ከተመዘገቡት 96 ጉዳቶች ግማሽ የሚጠጉት የፊት መሰንጠቅ እንደነበሩ አሳይቷል። አብዛኛው በመርፌና በክር የሚዘጋ ቁስል ነው።

ካናዳ ውስጥ በኤድመንተን ከተማ ደግሞ ሐኪሞች የ10 ዓመት የምርመራ መዝገብ አገላብጠው 1,181 የኤም ኤም ኤ ተፋላሚዎችን ከ550 ቦክሰኞች ጋር አነጻጸሩ። ጉዳት የደረሰባቸው ከኤም ኤም ኤ 59.4 በመቶ፣ ከቦክስ 49.8 በመቶ ነበሩ። ራሳቸውን የሳቱት ግን ከኤም ኤም ኤ 4.2 በመቶ ሲሆኑ ከቦክስ 7.1 በመቶ ሆኑ። ብዙ የሚቆስለው አንዱ፣ ይበልጥ ራሱን የሚስተው ሌላው ነው ማለት ነው። ይህን ይዞ «እንግዲያው ኤም ኤም ኤ ቀላል ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ አይደለም። የቶሮንቶ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 የተደረጉ፣ ዩኤፍሲ የተባለው የኤም ኤም ኤ ድርጅት ያዘጋጃቸውን ፍልሚያዎች ሲመለከቱ፣ ሲሶ የሚጠጉት ያበቁት በዝረራ ወይም ዳኛው የምቱን ብዛት አይቶ በማስቆሙ ነበር።

«ጓንቱ ተመቺውን ይጠብቃል» የሚለውም በጣም የተለመደ ነው። ጓንት የሚጠብቀው የመቺውን እጅ ነው። የእጅ አጥንቶች ቀጫጭን ናቸው፤ የራስ ቅል ጠንካራ ነው፤ በባዶ እጁ ግንባር የሚመታ ሰው ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ራሱ ነው። ጓንት ሲያጠልቅ ይህ ፍርሃት ይቀልለታል፤ ደጋግሞ፣ ያለ ስስት ይመታል። የኤም ኤም ኤው ጓንት 4 አውንስ፣ ማለትም 113 ግራም ገደማ ነው፤ የቦክሱ 8 ወይም 10 አውንስ ነው። ሁለቱም ዋናውን ነገር አያስቀሩትም። አንጎል በፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፎ የሚኖር ለስላሳ ነገር ነው። አገጭ ሲመታና ራስ በድንገት ሲዞር የራስ ቅል ቀድሞ ይዞራል፤ አንጎል ወደኋላ ይቀራል፤ በመሃል የነርቭ ክሮቹ ይለጠጣሉ። የራስ መከላከያ ቆብም ቢሆን ስንጥቅን እንጂ ይህን መዞር አያቆምም። በሪዮ 2016 ኦሊምፒክ ወንድ ቦክሰኞች ያለ ቆብ የተጋጠሙትም በከንቱ አልነበረም።

«ቆሞ ከሄደ ደህና ነው» የሚለው ግን ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። የቶሮንቶዎቹ ተመራማሪዎች ቪዲዮውን በሰከንድ እየቆጠሩ ሲያዩ፣ በዝረራ የወደቀ ሰው ዳኛው እስኪደርስለት ድረስ በአማካይ 2.6 ተጨማሪ ምት ራሱ ላይ ያርፍበታል። በዳኛ ውሳኔ በቆሙት ፍልሚያዎች ደግሞ ተሸናፊው በመጨረሻው 30 ሰከንድ በአማካይ 18.5 ጊዜ ይመታል፤ ከዚያ ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ራሱ ላይ ነው። ቸኮለ ብለን የምንሰድበው ዳኛ ብዙ ጊዜ የዘገየ ዳኛ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ደብሊን ላይ የተሸነፈው የ28 ዓመቱ ፖርቱጋላዊ ዣኦ ካርቫሎ ሕመሙ የተሰማው ከፍልሚያው በኋላ ነበር። አንጎሉ በቀዶ ጥገና ታከመ፤ በሁለተኛው ቀን አረፈ።

አንድ የማውቀው ልጅ አንድ ምሽት ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ላይ ጉልበት አገጩ ላይ አረፈበት። አልወደቀም። «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ሳቀ፤ ዙሩንም ጨረሰ። ልብስ ቀይሮ ሲወጣ «ቦርሳዬን የት አደረግኩት?» አለኝ። ትከሻው ላይ ነበር፤ አሳየሁት። የጫማውን ክር እያሰረ ቀና አለና «ቦርሳዬን አይተሃል?» አለኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ክው አልኩ። አንድ ጠብታ ደም አልወጣውም።

ተመልካች በጣም የሚሳቀቅበት አንገት ማነቅ በአንጻሩ የሚፈራውን ያህል አይደለም። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት የአንገት ሥሮች ሲጫኑ በ10 ሰከንድ ገደማ ራስ ይሳታል፤ ወዲያው ከተለቀቀ ደሙ ይመለሳል። ደግሞም አብዛኛው ተፋላሚ ከዚያ በፊት በመዳፉ መታ መታ አድርጎ እጅ ይሰጣል። እኔ የምፈራው ተረከዝ ጠምዝዞ ጉልበት የሚያዞረውን አያያዝ ነው፤ ጅማቱ ሕመሙ በቅጡ ሳይሰማ ሊበጠስ ይችላል።

አደጋው ኬጅ (የፍልሚያው አጥር) ውስጥ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ደግሞ ተፋላሚዎች ከሚዛን በፊት የሚያሳልፉትን ሌሊት አላየም። ጨው በበዛበት ሙቅ ውሃ ይነከራሉ፤ ከዚያ ወጥተው በብርድ ልብስ ይጠቀለላሉ፤ አፋቸው ደርቆም ጠርሙስ ውስጥ ምራቅ ይተፋሉ። ይህ ሁሉ ውሃ ከሰውነት አስወጥቶ ዝቅ ባለ ክብደት ለመመዝገብ ነው። ብራዚላዊው ሊያንድሮ ሱዛ እ.ኤ.አ. በ2013 በ26 ዓመቱ፣ ቻይናዊው ያንግ ጂያን ቢንግ በ2015 ማኒላ ውስጥ በ21 ዓመቱ የሞቱት ክብደት ሲቀንሱ ነው። ተጋጣሚ አልነካቸውም። ከያንግ ሞት በኋላ ዋን ሻምፒዮንሺፕ የተባለው የፍልሚያ ድርጅት ውሃ በማጣት ክብደት መቀነስን ከልክሎ የሽንት ምርመራ ጀመረ። ሌሎቹ ድርጅቶች ይህን ለምን እንዳልተከተሉ አሳማኝ ምክንያት ሰምቼ አላውቅም።

«ጭንቅላቱ ብረት ነው» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል። የቅልጥም አጥንት ተመትቶ ተመትቶ ሊጠነክር ይችላል። አንጎል አይጠነክርም። ጆርዳን ፓርሰንስ የተባለው የቤላተር ድርጅት ተፋላሚ እ.ኤ.አ. በ2016 በ25 ዓመቱ በመኪና ተገጭቶ ሞተ፤ አንጎሉ ሲመረመር በተደጋጋሚ ምት የሚመጣው ሲቲኢ የተባለው በሽታ ተገኘበት። ይህ በሽታ እስካሁን በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞት በኋላ ነው።

ያን ምሽት ልጁን ቤቱ አደረስነው። እናቱ «ራሱን የተመታ ሰው ከተኛ አይነሳም» ብለው ሌሊቱን ሙሉ እየቀሰቀሱት አደሩ። እንቅልፍ አይገድልም፤ የሚገድለው ራስ ቅል ውስጥ የሚፈስ ደም ነው፤ እንቅልፍ ምልክቱን ይሸፍንብናል እንጂ። ሐኪም አይቶት ደህና ነው ያለው ሰው ቢተኛ ይጠቅመዋል። እኛ ማድረስ የነበረብን ቤቱ ሳይሆን ሐኪም ቤት ነበር። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ የተኮላተፈ አንደበት፣ አንዱ ከሌላው የሰፋ የዓይን ብሌን፣ መንቀጥቀጥ፣ አንድን ጥያቄ ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ጠዋት አይጠበቅም። እናትየው ግን አንድ ነገር አልተሳሳቱም፤ ብቻውን አልተዉትም።