ሁለት የበጎ አድራጎት ማኅበሮች አንድ ሲሆኑ

በፉሪ ተራራ ሥር ያለው አገር በጥቂት ዘመን እጅግ ተለውጧል። ዱሮ ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት ቤት ተሠርቶበታል፤ የጅቡቲ ምድር ባቡር ጣቢያም በፉሪ ለቡ ቆሟል። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፥ ቡራዩ፥ ሱሉልታ፥ ገላንና ለገጣፎ ለገዳዲ ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሲጠቃለሉ፥ ፉሪ ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ሆነ። ከተሞች በመንግሥት ውሳኔ ይጠቃለላሉ፤ ለድኾች የቆሙ ማኅበሮች መዋሃድ ግን እንዲህ የቀለለ አይደለም።

ሁለት ትንንሽ ማኅበሮች በአንድ ሰፈር ሲሠሩ የቤት ኪራይ፥ የዘበኛና የሒሳብ ሹም ደመወዝ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላው ገቢ ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ድርጅቶችም ቢፈቅዱ የሚዋሃዱበትን መንገድ አሳይቷል። ከኪራይ የተረፈው ብር ለድኃ አደግ ልጅ ደብተር ቢሆን የሚጠላ የለም።

ይሁን እንጂ ፉሪ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ወሰን ላይ ያለ ስፍራ ነው። አዋጁ የሚመለከተው የውጭ አገር ድርጅትን፥ በአዲስ አበባ የተቋቋመውን፥ ወይም ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራውን ነው፤ በክልሉ ብቻ የሚሠራው ጉዳዩ ከክልሉ አስተዳደር ዘንድ ነው። ዕድር ደግሞ በአባሎቹ ደንብ ይኖራል። ስለዚህ ማን በየትኛው መዝገብ እንደ ተጻፈ ሳይጣራ ቃለ ጉባኤ መፈራረም ድካምን ማብዛት ነው።

ስምን መተውም ለመሥራቾች ይከብዳል። በእንግሊዝ አገር ሜርሊን የተባለው የሕክምና ርዳታ ድርጅት በ2005 ዓ.ም. ከሴቭ ዘ ቺልድረን ጋር ሲዋሃድ ስሙ ቀርቷል። በእኛም ዘንድ ብዙውን ውህደት የሚያሰናክለው ከገንዘቡ ይልቅ የሊቀ መንበርነቱ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የተረጂዎቹ ነገር ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፥ ማኅበረ ምእመናን በበዛ ጊዜ ከግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎች ወገን የሆኑት መበለቶች በዕለቱ ምግብ ተዘነጉ። ሐዋርያትም ሰባት ዲያቆናት እንዲመረጡ አደረጉ፤ የተመረጡትም፥ እነ እስጢፋኖስ፥ ስማቸው ሁሉ የግሪክ ነበረ። የተበደለው ወገን ጠባቂ ከራሱ አገኘ ማለት ነው።

እንዲሁም የታናሹ ማኅበር ድኾች ስም አንድ በአንድ ወደ አዲሱ መዝገብ ይገልበጥ፤ ለተለየ ጉዳይ የተሰጠው ገንዘብ ለዚያው ይጠበቅ፤ ድኾቹን የሚያውቅ ሰውም በአዲሱ ጉባኤ ወንበር ይኑረው። ይህ ካልሆነ፥ ሁለቱ ማኅተሞች አንድ በሆኑ ማግስት የለመደችው በር ተዘግቶ የሚቆያት አሮጊት፥ ወዴት እንደምትሄድ የሚነግራት አታገኝም።