ተጨማሪ መረጃ፦ የወፍ ጉንፋን፣ ፈንግልና የቦዬ ረግረግ

የአእዋፍ ኢንፍሉዌንዛ፣ በተለምዶ የወፍ ጉንፋን የሚባለው፣ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ሲሆን፣ ኤች5ኤን1 የተሰኘው ዓይነቱ ዶሮ ቤት ከገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኞቹን ዶሮዎች ሊፈጅ ይችላል። የዱር ዳክዬዎች ግን ብዙውን ጊዜ ሳይታመሙ ቫይረሱን በአንጀታቸው ይዘው ስለሚጓዙና በኩሳቸው ወደ ውሃ ስለሚጥሉት፣ እንደ ጅማው ቦዬ ያሉ የውሃ ወፎች የሚሰበሰቡባቸው ረግረጎች ልዩ ትኩረት ይሻሉ።

ኤች5ኤን1 በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በየካቲት 1998 ዓ.ም. በናይጄሪያ ሲሆን፣ በጥቂት ወራት ውስጥም የኢትዮጵያ ጎረቤቶች ወደሆኑት ሱዳንና ጅቡቲ ደርሷል። በዚያው ዓመት በጉራጌ ዞን፣ ጉብሬ በሚገኝ የዶሮ ማራቢያ በርካታ ዶሮዎች ሲሞቱ ከፍተኛ ስጋት ቢፈጠርም፣ ምርመራው ኤች5ኤን1 አለመሆኑን አሳይቷል። ስጋቱ ግን ተገቢ ነበር፤ ምክንያቱም አርሶ አደሮች ፈንግል የሚሉት የኒውካስል በሽታም ዶሮዋን ትንፋሽ እያሳጠረ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ እያስቀመጠና አንገቷን እያጣመመ በፍጥነት ስለሚገድል፣ ሁለቱን በእርግጠኝነት መለየት የሚቻለው በላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው። ለፈንግል በቢሾፍቱ የሚመረት ክትባት አለ፤ ሆኖም የተከተበች ዶሮ ከወፍ ጉንፋን አትጠበቅም።

በጊንጆም ሆነ በሌሎች የጅማ ቀበሌዎች የምትኖሩ ተማሪዎች፣ የቤት ዶሮዎችና የዱር ወፎች በአንድ ውሃ የሚገናኙበትን ስፍራ ከርቀት ተመልክታችሁ መዝግቡ። ሞቶ የተገኘ ወፍ በእጃችሁ አትንኩ፤ ብዙ ወፎች ወይም ዶሮዎች በአንድ ጊዜ ሞተው ካያችሁ ለአካባቢያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሳትዘገዩ አሳውቁ።