ፓይፕ ጃም
ፓይፕ ጃም በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ነው። ሶፍትዌር ከተወሰነ ስህተት ነጻ መሆኑን በባለሙያ ማረጋገጥ ውድና አድካሚ በመሆኑ፣ ጨዋታው ፕሮግራም መጻፍ የማያውቁ ሰዎችም በሥራው እንዲያግዙ ታስቦ ተዘጋጀ።

በጨዋታው ቧንቧ የፕሮግራሙን ተለዋዋጭ፣ ኳስ ደግሞ በውስጡ የሚያልፈውን ዋጋ ይወክላል። ለምሳሌ ትልቅ ኳስ ባዶ ሊሆን የሚችል ዋጋ ነው፤ ማነቆ ደግሞ ባዶ ዋጋ ከደረሰበት ፕሮግራሙ የሚቋረጥበት ቦታ ነው። ማነቆው አይሰፋም፤ ተጫዋቹ ግን ሊለወጡ የሚችሉትን ቧንቧዎች እያሰፋና እያጠበበ ኳሶቹ ሳይጣበቁ እንዲወርዱ ያደርጋል። ሁሉም ካለፉ ፕሮግራሙ በዚያ ስህተት እንደማይቋረጥ ተረጋገጠ ማለት ነው። መልሱን ኮምፒውተር ስለሚፈትሸው የተሳሳተ መልስ እንደ ማረጋገጫ አይቆጠርም። ያልተፈታ ማነቆ ከቀረ ባለሙያው የትኛውን የኮዱን ክፍል መመርመር እንዳለበት ይጠቁማል።

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ድርጅት ዳርፓ በ2013 እ.ኤ.አ. በዚሁ ሐሳብ የተሠሩ በርካታ ጨዋታዎችን ለሕዝብ በነጻ አቅርቧል።