የኋላ ፍሬን ሲለወጥ፤ ከታምቡር ወደ ዲስክ

መኪና የሚሄደው በሞተር ኃይል ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የሚቆመውስ በምንድነው? በፍሬን ነው። ሞተሩ ቢበላሽ መኪናው ባለበት ይቀራል። ሰውም በእግሩ መንገዱን ይቀጥላል። ፍሬኑ ቢበላሽ ግን ሕይወት ይጠፋል። ስለዚህ ፍሬን በዋዛ የሚነካ ነገር አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ሁለት ዓይነት ፍሬኖች እናነባለን። አንደኛው ታምቡር፣ ሁለተኛው ዲስክ ይባላል። በውጭ አገር የድሮ የስፖርት መኪና ያላቸው ሰዎች የኋላውን ታምቡር አውጥተው ዲስክ ያስገባሉ። እንዴት እንደሚያስገቡና ምን መጠንቀቅ እንዳለባቸው እናያለን። የስፖርት መኪና ማለት ለፍጥነት የተሠራ፣ ዝቅ ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ መኪና ነው። መኪናው የሩቅ አገር ነው። የፍሬን ነገር ግን የትም አገር አንድ ነው።

ፍሬን እንዴት ይሠራል?

መዳፎቻችሁን አጋጥማችሁ አጥብቃችሁ ፈትጉ። ይሞቃሉ። ቢላዋም በድንጋይ ሲሳል ይግላል። ፍትጊያ ሙቀት ያመጣል።

ፍሬንም እንዲሁ ነው። ከጎማው ጋር የሚዞር ብረት አለ። የማይዞር ነገር በዚህ ብረት ላይ ይጫናል። ፍትጊያው ጎማውን ያዘገየዋል። የመኪናው ሩጫ ወደ ሙቀት ይለወጣል። መኪናው በፈጠነ ቁጥር ሙቀቱ ይበዛል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ የጥሩ ፍሬን ሥራ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጎማውን መያዝ ነው። ሁለተኛ፣ ሙቀቱን ቶሎ ወደ አየር ማውጣት ነው።

ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ዋናው የፍሬን ፓምፕ ዘይት ይገፋል። ዘይቱ በቀጭን ቱቦ አድርጎ ወደ አራቱም ጎማዎች ይሄዳል። የሾፌሩን የእግር ኃይል ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው ይህ የፍሬን ዘይት ነው።

ታምቡር

ታምቡር ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። ትርጉሙ ከበሮ ማለት ነው። በእርግጥም ከበሮ ይመስላል። ውስጡ ባዶ ነው፤ ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። በውስጡ እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጡ ሁለት ብረቶች አሉ። በላያቸው የፍሬን ሸራ ተለጥፏል። ሾፌሩ ሲረግጥ ዘይቱ ሁለቱን ብረቶች ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። ሸራው የከበሮውን የውስጥ ግድግዳ ይፈትጋል። ሾፌሩ እግሩን ሲያነሳ ሞላዎች ብረቶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሷቸዋል።

ታምቡር ብዙ መልካም ነገር አለው። ርካሽ ነው። ሸራው ብዙ ጊዜ ያገለግላል። የሚዞረው ከበሮ ራሱ ሸራውን ስቦ ይጨምቀዋል፤ ስለዚህ ሾፌሩ በጣም መርገጥ አያስፈልገውም። ለእጅ ፍሬንም ይመቻል።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? ችግሩ ሙቀቱ ውስጥ መታፈኑ ነው። ክዳን እንደተገጠመበት ድስት ነው። ሙቀት ሲበዛ ከበሮው ይሰፋል፤ ከሸራውም ይርቃል። ሸራው ራሱ በጣም ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ያን ጊዜ ሾፌሩ ቢረግጥ ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ግን እንደ ልብ አይቆምም። ውኃ ቢገባበትም ቶሎ አይደርቅም።

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ በአውቶቡስ የወረደ ሰው አንድ ነገር አስተውሎ ይሆናል። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። አስተዋይ ሾፌር በዚህ ቁልቁለት ላይ ከባድ ማርሽ ያስገባል። ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ያደርጋል። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ረግጦ አይወርድም። ምክንያቱ ይኸው ሙቀት ነው።

ዲስክ

ዲስክ ክብና ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ሰሐን ይመስላል። እሱም ከጎማው ጋር ይዞራል። ካሊፐር የሚባል ብረት ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ይቆነጥጠዋል። አያያዙ የብረት ቀጥቃጭ ጉጠት የጋለውን ብረት እንደሚይዝ ነው። በሁለቱም ጎን ሸራ አለ።

ዲስኩ ገላጣ ነው። ነፋስ ያገኘዋል፤ ቶሎም ይቀዘቅዛል። ውኃ ቢነካው ሲዞር አፈናጥሮ ይጥለዋል። ግሎ ቢሰፋም እንደ ከበሮው ከሸራው አይርቅም። ነገር ግን ዲስክ እንደ ታምቡር ራሱን በራሱ አይጨምቅም። ስለዚህ የበለጠ የዘይት ግፊት ይፈልጋል።

ሁለቱም ሐሳቦች የቆዩ ናቸው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ የታምቡር ፍሬን ሠራ። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር ለዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት አገኘ። ይሁንና ለ50 ዓመት ያህል በመኪና ላይ የገነነው ታምቡር ነበር።

ከዚያም 1953 መጣ፤ በኛ 1945 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በፈረንሳይ አገር በለ ማን ከተማ ቀንና ሌሊት 24 ሰዓት የሚፈጅ የመኪና ውድድር ተደረገ። ጃጓር ሲ ታይፕ የተባለው የእንግሊዝ መኪና በአራቱም ጎማ ዲስክ ነበረው። ባለ ታምቡሮቹ መታጠፊያው ሳይደርስ ቀደም ብለው መያዝ ነበረባቸው። ጃጓሩ ግን እስከ መታጠፊያው ሮጦ ይይዝ ነበር። በአማካይ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ዲስክ ቀስ በቀስ ወደ ተራ መኪናዎችም ገባ።

ለምን በፊት ብቻ?

በአውቶቡስ ስትሄዱ ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ቢይዝ ወደየት ታዘነብላላችሁ? ወደ ፊት ነው። የመኪናው ክብደትም እንደ እናንተ ወደ ፊት ያዘነብላል። የፊት ጎማዎች መሬቱን አጥብቀው ይይዛሉ። የኋላዎቹ ይቀልላሉ። ስለዚህ ከማቆሙ ሥራ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ናቸው።

በዚህ ምክንያት ብዙ ፋብሪካዎች ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር አደረጉ። ለምሳሌ ዳትሰን 240 ዜድ የተባለውን የጃፓን የስፖርት መኪና እንውሰድ። የኒሳን ኩባንያ ይህን መኪና ያወጣው በ1969 ነው፤ በኛ 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ስድስት ሲሊንደር አለው። ክብደቱ 1,000 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በተለይ በአሜሪካ ብዙ ተሸጧል። ለአፍሪካም እንግዳ አይደለም። በ1971 እና በ1973 በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር አሸንፏል። በ1973 የነዳው ኡጋንዳ ውስጥ የተወለደው ሼካር ሜህታ ነው። ይህ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ነበረው።

ኒሳን በ1978 ተከታዩን ሞዴል አወጣ። ስሙ 280 ዜድ ኤክስ ነው። እሱ በአራቱም ጎማ ዲስክ ነበረው። የድሮው መኪና ባለቤቶች ይህን አይተው የኛንም እንለውጥ አሉ። ብዙዎቹ ዲስኩን ከ280 ዜድ ኤክስ ይወስዳሉ። ካሊፐሩን ደግሞ ማክሲማ ከተባለው ሌላ የኒሳን መኪና ይወስዳሉ።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

1ኛ. መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል። የፊት ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ። ኋላው በክሪክ ይነሣል። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ መኪናው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቀመጣል።

2ኛ. ጎማውና ከበሮው ይወልቃሉ። ሸራው፣ ሞላዎቹና ትንሹ የዘይት ሲሊንደር ይነሣሉ።

3ኛ. ካሊፐሩን የሚሸከም ወፍራም ብረት በቡሎን ይታሰራል። ፍሬን ሲያዝ ሙሉ ኃይሉ የሚያርፈው በዚህ ብረት ላይ ነው። ስለዚህ በልኩ የተሠራ መሆን አለበት። እንዲያው በግምት የተበየደ ብረት ሰው ይገድላል።

4ኛ. ዲስኩ ይገባል፤ ካሊፐሩ ይታሰራል፤ አዲስ የዘይት ቱቦ ይገጠማል።

5ኛ. አዲስ የፍሬን ዘይት ይሞላል። አየሩም ይወጣል። ዘይት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። በቱቦው ውስጥ አየር ከቀረ ፔዳሉ ይላላል። አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በካሊፐሩ ላይ ያለችው የአየር መውጫ ቡሎን ከላይ መሆን አለባት። የግራው ካሊፐር በቀኝ ከታሰረ ቡሎኗ ከታች ትሆናለች። አየሩም ሳይወጣ ይቀራል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ሲጠጣ ግን በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት እንደ አየር ይጨመቃል፤ ፍሬኑም ይጠፋል። ስለዚህ አሮጌ ዘይት መልሶ መሙላት አይገባም። የሞተር ዘይትማ ከቶ አይደረግም፤ የፍሬኑን ጎሚኒዎች ያበላሻል።

ጥንድ በሬ

እስከዚህ ሥራው የቡሎንና የመፍቻ ነው። ዋናው ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል።

የፊትና የኋላ ፍሬን በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች ናቸው። አንዱን በሌላ በሬ ብትለውጡ ሌላው ከእሱ ጋር መስማማት አለበት። ካልተስማሙ ትልሙ ይጣመማል። በመኪና ላይ ግን የሚጣመመው ትልም ብቻ አይደለም።

የኋላው ፍሬን ከልክ በላይ ቢበረታ ምን ይሆናል? የኋላ ጎማዎች በፍሬን ጊዜ ቀልለዋል ብለናል። የቀለለ ጎማ ቶሎ ይቆልፋል። ቆልፎ ይንሸራተታል። የመኪናው ኋላ ወደ ፊት እቀድም ይላል። መኪናው እንደ እንዝርት ይሾራል። ስለዚህ ለመቆለፍ ሁልጊዜ የኋላው ሳይሆን የፊቱ መቅደም አለበት። የፊቱ ቢቆልፍ መሪው ለጊዜው አይታዘዝም፤ መኪናው ግን ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አይሾርም።

ለዚህ ሲባል ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አለ። ቫልቩ የተመጠነው ለታምቡር ነው። ዲስክ ሲገባ እንደገና መመጠን አለበት።

ዋናው ፓምፕም ይታያል። ካሊፐር ከታምቡር ሲሊንደር የበለጠ ዘይት ይፈልጋል። የ240 ዜድ ፓምፕ የውስጥ ስፋት 22 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ብዙዎች 24 ሚሊ ሜትር በሚያህል ይለውጡታል። ያኔ ፔዳሉ ብዙ አይወርድም፤ እግር ግን ጠንከር አድርጎ መርገጥ አለበት። በአንዳንድ መኪናዎች ደግሞ ለታምቡር ሲባል በቱቦው ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለ። እሱ ካልወጣ ዲስኩ እየተያዘ ይሄዳል፤ ይግላልም።

የእጅ ፍሬንም አይረሳ። አንዳንድ ካሊፐር የእጅ ፍሬን የለውም። እሱን የገጠመ ሰው መኪናውን ዳገት ላይ አቁሞ መውረድ አይችልም። የማክሲማው ካሊፐር የሚወደደው የእጅ ፍሬን ስላለው ነው።

ሁሉ ካለቀ በኋላ መኪናው ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ይፈተናል። መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚቆልፍ ሌላ ሰው ራቅ ብሎ ያያል።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው?

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። መኪናን በመጨረሻ የሚያቆመው ጎማው መሬቱን የሚይዝበት ኃይል ነው። ደህና ታምቡርም ጎማውን እስኪቆልፍ ድረስ መያዝ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ለመቆም ከሆነ የኋላ ዲስክ ርቀቱን ብዙም ላያሳጥር ይችላል። ጥቅሙ የሚታየው ፍሬን ደጋግሞ ሲያዝ ነው። በረጅም ቁልቁለት፣ በውድድር ቦታና በዝናብ ጊዜ ዲስክ ይሻላል። ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ግን በደንብ የተያዘ ታምቡር ይበቃዋል።

ከአቧራው ተጠንቀቁ

በድሮ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ነበረ። አሮጌ ከበሮ ሲከፈት ደቃቅ አቧራ ይወጣል። ይህ አቧራ ሳምባ ውስጥ ይቀራል። ከብዙ ዓመት በኋላ የሳምባ በሽታና ካንሰር ያመጣል። ስለዚህ በአፍም ሆነ በአየር ፓምፕ እፍ አይባልም። ደረቁን በመጥረጊያ አይጠረግም። በውኃ አርጥቦ በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት ይገባል። ልጆችም ወደ ቦታው አይቅረቡ።

ፍሬን አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም። ፔዳሉ፣ ፓምፑ፣ ዘይቱ፣ ቫልቩ፣ ሸራውና ጎማው አብረው የሚሠሩ ናቸው። አንዱን የለወጠ ሰው ሌሎቹን ሁሉ ማየት አለበት። አዲስ ዕቃ የሚጠቅመው ከነባሩ ጋር ሲስማማ ነው።

ጥያቄዎች

1. ፍሬን ሲያዝ ሙቀት ከየት ይመጣል?
2. ታምቡር በጣም ሲሞቅ ፔዳሉ ለምን ወደ ታች ይወርዳል?
3. የኋላ ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ቢቆልፍ ምን ይሆናል?
4. የአሮጌ ፍሬን አቧራ ለምን እፍ አይባልም?
5. ሾፌሮች ረጅም ቁልቁለት በከባድ ማርሽ የሚወርዱት ለምንድነው? አብራችሁ ተወያዩበት።