እቴጌዋን ቡና አታጠጧት፦ የታሪክ ልብ ወለድ ተረቶችና እውነታዎች

ከጎንደር ከተማ በስተምዕራብ፣ ከተራራው ወገብ ላይ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽና የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ይገኛሉ። እቴጌዋ ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸውን ኢያሱን አነገሡ፤ ራሳቸውም ዘውድ ጭነው አብረው ገዙ። የልጃቸውንም የልጅ ልጃቸውንም ሞት አይተው በ1773 ዐረፉ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንዲህ ያለ ሕይወት ደራሲ ይጣራል። ሕይወት ተፈራ «ምንትዋብ» የተሰኘ ልብ ወለድ ጽፈዋል፤ ሌሎቻችንም ግቢውን በዞርን ቁጥር እጃችንን ይበላናል። እንዲህ ያለ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ግን ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ።

ተረት፦ «ልብ ወለድ እስከሆነ ድረስ ያሻን መጻፍ ይቻላል።»

እውነታው፦ የደራሲ ነፃነት የሚጀምረው መዝገብ ዝም ካለበት ነው። የእቴጌዋ የልጅ ልጅ ዐፄ ኢዮአስ በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገድለዋል፤ ያንን ማንም ደራሲ አይሽረውም። መርዶው ቁስቋም በደረሰበት ሌሊት አያቲቱ ምን እንዳሉ፣ ማንን እንዳስጠሩ፣ ማንን ፊት እንደነሱ ግን የደራሲው ፈንታ ነው። የታወቀውን የሚያጣምም ሰው ያልታወቀውን ሲነግረን አናምነውም።

ተረት፦ «ዜና መዋዕሉን ያነበበ ጥናቱን ጨርሷል።»

እውነታው፦ የኢያሱና የኢዮአስ የግዕዝ ዜና መዋዕል በኢጣሊያዊው ሊቅ ኢግናዚዮ ጉይዲ አዘጋጅነት ከ1910 ጀምሮ ታትሟል፤ ያለ እሱ መነሳት አይቻልም። ነገር ግን ጸሐፊው የቤተ መንግሥት ሰው ነው፤ ዘመቻ፣ ሹመት፣ ግብርና በዓል እንጂ የወፍጮ ቤቷን ሴት አያይም። የቀረውን ከሌላ ቦታ መልቀም ግድ ነው። በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎ ይገኛል፤ ማን ከማን ጋር ይዋዋል እንደነበር የሚታየው እዚያ ነው። በጣና ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ደግሞ እቴጌዋ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል፤ ስለ ልብስ ከዚያ መማር ይቻላል። ብዙ የጎንደር መጻሕፍትን ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወስደዋቸው፣ ከ1868 በኋላ እንግሊዞች ለንደን አድርሰዋቸዋል። የጎንደርን ታሪክ የሚያጠና ሰው ጎንደር ብቻ ተቀምጦ አይሆንለትም።

ተረት፦ «የበካፋና የምንትዋብ የፍቅር ታሪክ እንደሚወራው ነው የሆነው።»

እውነታው፦ ንጉሡ ራሱን ለውጦ ቋራ ሲዘዋወር ታመመ፣ አንዲት ቆንጆ አስታመመችው፣ ኋላም አስመጥቶ አገባት ይባላል። ይህን ወሬ ከአገር ውጭ ያሰራጨው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770፣ በካፋ ከሞቱ አርባ ዓመት በኋላ ነበር፤ መጽሐፉ የታተመው ደግሞ በ1790 ነው። ያው ብሩስ ፈንጣጣ በገባ ጊዜ ቁስቋም ተጠርቶ የእቴጌዋን ቤተሰብ ልጆች ሲያክም በርና መስኮት ማስከፈቱን፣ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ ማጠኑን፣ ወለሉን ማሳጠቡን ጽፏል። ያየውንና የሰማውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። ለልብ ወለድ ሲሆን ግን ወሬውም አይጣልም፦ እንደተፈጸመ ነገር ከመተረክ ይልቅ በአንድ አሽከር ወይም በአንዲት ደንገጡር አፍ ማስነገር ነው። የቁስቋም ሰው ስለ እመቤቱ ምን ማውራት ይወድ እንደነበር ማወቅም ታሪክ ነውና።

ተረት፦ «ደራሲ የሚሳሳተው በነገሥታት ስምና በዘመን ቁጥር ነው።»

እውነታው፦ እነዚያንማ አርታኢ ያርማቸዋል። የሚያጋልጠን ጓዳው ነው። እቴጌዋን ረከቦት ፊት አስቀምጦ አቦል የሚያስቀዳ ደራሲ ተሳስቷል፤ የደገኛው ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ ይርቀው ነበር። ለእንግዳ ጠጅና ጠላ ይቅረብ። ወጡ ውስጥ ድንች አይግባ፤ ድንች ያስገባው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው፣ በ1858 ገደማ። ከተራራው ላይ ባሕር ዛፍም ይነቀል፤ አገራችን የደረሰው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የምናውቀው ጠገራ ብር የታተመበት ዓመት 1780 ነው፣ ምንትዋብ ካረፉ ከሰባት ዓመት በኋላ ማለት ነው፤ ለገበያው አሞሌ ጨው፣ ለትልቁ ጉዳይ ወርቅ አለ። ቡናው፣ ድንቹና ባሕር ዛፉ ዛሬ ቁስቋም ሰፈር በየቤቱና በየደጁ ስላሉ ከጥንት የነበሩ ይመስላሉ።

ተረት፦ «የዕለት ኑሮ የፈጠራ ጠላት ነው፤ መንፈሱ ሲመጣ ብቻ ይጻፋል።»

እውነታው፦ «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን የጻፈው የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን ጋዜጠኛ ነበር፤ እንጀራው ከጋዜጣ ዝግጅት ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ስለ ኢትዮጵያዊው መስፍን ራሴላስ የሚተርከውን ልብ ወለድ በ1759 በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጻፈው ይባላል፤ ለእናቱ ቀብር ገንዘብ ቸግሮት ነበር። ሳምንቱ ተአምር ይመስላል። ሰውየው ግን ኢየሱሳዊው ሎቦ ስለ አገራችን የጻፈውን መጽሐፍ በ1735 ተርጉሞ ነበር፤ ሃያ አራት ዓመት የተብላላ ንባብ ነው በሳምንት የወጣው። የጎደለበት ኑሮው ነው፦ አገራችንን ስላልረገጠ መስፍኑ በደንብ ይፈላሰማል እንጂ ምን እንደሚበላ አናውቅም።

እኛ ያ አልጎደለብንም። ኅዳር 6 ለቁስቋም ማርያም የሚወጣው ሕዝብ፣ ለቅሶ ቤት የሚወርደው ሙሾ፣ ምራት ለአማት የምትመርጠው ቃል፣ ሁሉ ደጃችን ላይ አለ። ደራሲ የሰውን ጠባይ ከጎረቤቱ ቢወስድ አይከስርም፤ ኀዘን፣ ቅናትና ኩራት ያን ያህል አልተለወጡም። ዕቃውን ግን ከጎረቤት አይዋስ። በትዕይንቱ ውስጥ የገባውን እያንዳንዱን ዕቃ፣ ዛፍና ምግብ «አንተ መቼ መጣህ?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልስ ያጣውን ያውጣው።