ከምድረ በዳ ጠፍቶ ስለ ተመለሰው ነጭ ሳላ

እግዚአብሔር በምድር ላይ የፈጠራቸው አራዊት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ብዙዎች ስለ ሆኑ አያልቁም ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው። አንድ የአውሬ ዘር ፈጽሞ ካለቀ በኋላ ንጉሥ ቢያዝ፥ ባለጸጋ ወርቁን ቢያፈስ፥ ጠቢብም ቢመራመር ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በሰው ትጋት የዳነውን የአንድ አውሬ ታሪክ በዚህ እንነግራችኋለን። በዚህ ጽሑፍ የተነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አውሬው በዐረብ አገር ምድረ በዳ የሚኖረው ነጭ ሳላ ነው። በአገራችን በአዋሽ ሜዳ የሚኖሩ ሰዎች ሳላን ያውቁታል፤ የዐረቡም ሳላ የእርሱ ዘመድ ነው። ነገር ግን በቁመቱ ያንሳል፤ ጠጕሩም ነጭ፥ እግሮቹ ጠቆር ያሉ ናቸው። ወንዱም ሴቲቱም ረጃጅምና ቀጥ ያሉ ሁለት ቀንዶች አሏቸው፤ ከጎን ለሚያየው ሰው ግን ሁለቱ እንደ አንድ ሆነው ይታዩታል።

ይህ አውሬ በሚነድ አሸዋ ላይ ለመኖር የሚያስችል ብልሃት ተሰጥቶታል። ነጭ ጠጕሩ የፀሐይን ትኩሳት ይመልስለታል፤ ሰፊ ሰኮናውም በአሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ ይረዳዋል። ቀትር ሲሆን ከዛፍ ጥላ ሥር መሬቱን ጭሮ ከቀዝቃዛው አፈር ላይ ይተኛል። ከሚበላው ሣርና ቅጠል እርጥበት ስለሚያገኝ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ጊዜ ይቈያል። ዝናብ ወደ ጣለበትም ስፍራ ሩቅ መንገድ ይጓዛል። ሴቲቱ በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ነው፤ ስለዚህ አዳኝ ብዙ ከገደለ የሞተው ቶሎ አይተካም።

ቀድሞ አዳኙ በግመል ተቀምጦ ብዙ ቀን ይደክም ነበር፤ ከድካሙም በኋላ አንድ ሳላ ቢገድል ሥጋውን ለቤተ ሰቡ ይመግብ ነበር። እንዲህ ያለው አደን ዘሩን አላጠፋውም። በኋላ ግን አውቶሞቢልና ፈጣን ጠመንጃ ወደ ምድረ በዳው ገቡ። ያን ጊዜ ብዙዎች ተራቡና ሳይሆን ለጨዋታና ለዝና ያድኑ ጀመር፤ ሳላውም የሚሸሸግበት ዱር በሌለበት ሜዳ ላይ ከመኪና ሊያመልጥ አልቻለም። በመጨረሻ በ1972 ከዱር የቀሩት ጥቂቶች በዖማን አገር ተገደሉ፤ ምድረ በዳውም ከነጭ ሳላ ባዶ ሆነ።

ደግነቱ፥ ይህ ጥፋት ከመድረሱ ከ10 ዓመት በፊት ነገሩን አስቀድመው ያዩ ሰዎች ነበሩ። በ1962 በእንግሊዝ አገር የተቋቋመ የአራዊት ጥበቃ ማኅበር ከመንጋው ጥቂቶችን ሕያው አድርገው እንዲይዙ ሰዎችን ወደ ዐረብ ምድር ላከ። መሪያቸውም በኬንያ የአራዊት ጥበቃ ሹም የነበረው ሻለቃ ኢያን ግሪምውድ ነበረ። ከዓደን በስተ ምሥራቅ በዖማን ወሰን አጠገብ ባለው በረሃ ብዙ ፈልገው ያገኙት አራት ብቻ ነው፤ ከአራቱም አንዱ ሞተ። በቀሩት በሦስቱ ላይ ከሎንዶን የአራዊት ግቢ አንድ፥ ከኩዌት አንድ፥ ከሳዑዲ ዐረቢያው ንጉሥ ከሳዑድም አራት ተጨመሩና ዘጠኝ ሆኑ። ይህም ትንሽ መንጋ «የዓለም መንጋ» ተባለ።

አሁንም ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ እነዚህን ዘጠኝ ሳላዎች ማን ያሳድጋቸው? የተመረጠው በአሜሪካ በአሪዞና አገር በፊኒክስ ከተማ ያለው የአራዊት ግቢ ነው። የዚያ አገር አየር እንደ ዐረብ ምድር ሙቅና ደረቅ ነውና። ግቢው በ1962 የተከፈተ ሲሆን የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። ይህም ማለት ሰዎች ለመግቢያ የሚከፍሉት ገንዘብና ደጋጎች የሚሰጡት ስጦታ ለባለቤት ጥቅም አይከፋፈልም፤ ለአራዊቱ ምግብና ሕክምና፥ ለጠባቂዎች ደመወዝ፥ ለሕዝብም ትምህርት ይውላል።

የመጀመሪያው ግልገል በ1963 በፊኒክስ ተወለደ። ጠባቂዎቹም የእያንዳንዱን ግልገል አባትና እናት በመዝገብ ይጽፉ ነበር። አባቶቻችን ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት እስከ ሰባት ቤት ዘር እንደሚቈጥሩ፥ እነርሱም የቅርብ ዘመዳሞች ተዋልደው ልጆቹ ደካሞች እንዳይሆኑ ይጠነቀቁ ነበር። መንጋው በበዛ ጊዜ ደግሞ ከፍለው ወደ ሳን ዲዬጎና ወደ ሌሎች የአራዊት ግቢዎች ላኩ። ዘሩን ሁሉ በአንድ ጎተራ ያኖረ ገበሬ ጎተራው ቢቃጠል ለከርሞ የሚዘራው አያገኝም፤ እንዲሁም አንድ በሽታ መንጋውን በሙሉ እንዳይፈጅ መከፋፈሉ ጥበብ ነበረ።

የዚህ ግቢ ሥራ በሳላ ብቻ አልቀረም። ሙጭልጭላ የሚመስለውን ጥቁር እግር ያለውን ፌሬት፥ ደግሞም በአሪዞና የሚገኝ የእንቍራሪት ዘር ከጥፋት ለማዳን እያራባ ወደ ዱር ይመልሳል። ተማሪዎችንም እየተቀበለ ስለ አራዊት ጠባይና ስለ መኖሪያቸው ያስተምራል። ሰው ያላወቀውን አይወድምና፥ የማይወደውንም አይጠብቅምና ይህ ትምህርት ከማራባቱ ሥራ አያንስም። የአራዊት ግቢ ሰው ለመሣቅ ብቻ የሚገባበት ቢሆን ለአራዊቱ ወህኒ ቤት በሆነ ነበር፤ የሚያድን፥ የሚያራባና የሚያስተምር ሲሆን ግን የዘር ጎተራ ነው።

የዖማን ንጉሥ ሱልጣን ቃቡስ ሳላው ወደ ምድሩ እንዲመለስ ፈቀደ። በ1980 የመጀመሪያዎቹ ሳላዎች ያሉኒ ወደሚባለው ስፍራ ደረሱ። ወዲያው አልተለቀቁም፤ አገሩን እስኪለምዱና እንደ አንድ መንጋ አብረው መሄድን እስኪማሩ ድረስ በአጥር ውስጥ ቈዩ። በ1982 መጀመሪያ ዐሥሩ ተለቀቁ። ጠባቂ ሆነው የተቀጠሩት የዚያው በረሃ ባላገሮች የሐራሲስ ነገድ ሰዎች ናቸው፤ አገሩን ከእነርሱ ይልቅ የሚያውቅ የለምና። መንጋውም እየበዛ ሄዶ በ1996 450 ያህል ደረሰ።

ነገር ግን ደስታው ሳይጸና ሌቦች ተነሡ። ሳላን ሕያው አድርጎ ይዞ ለባለጸጎች መሸጥ ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ ሆነ፤ ከሁሉ ይልቅ ሴቶቹና ግልገሎቹ ይሰረቁ ነበር። በ2007 የቀሩት 65 ብቻ ሆኑ፤ ከእነዚህም ለመውለድ የሚችሉት ጥንዶች አራት ያህል ነበሩ። መንግሥትም የተከለለውን ምድር ከመቶ ዘጠና እጅ ስለ ቀነሰው ዩኔስኮ ስፍራውን ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሠረዘው። ከዚያ በፊት ከዚህ መዝገብ የተሠረዘ ስፍራ አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

ሆኖም ተስፋ አልጠፋም። ሳላው በብዙ ግቢዎች ተከፋፍሎ ስለ ነበረ በሳዑዲ ዐረቢያ፥ በእስራኤልና በሌሎችም አገሮች ደግሞ ወደ ዱር ተለቀቀ። በ2011 በዱር ያሉት 1000 ያህል ደርሰው ስለ ነበር የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አደጋው እንደ ቀለለለት መሰከረ። በዚያ ኅብረት መዝገብ ከዱር ፈጽሞ ጠፋ ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ይህን ያህል ያገገመ አውሬ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዋልያ ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ መኖሪያ የለውም፤ ቀይ ቀበሮም ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። የአቦ ሸማኔ ግልገሎችም ከምሥራቅ አፍሪካ እየተሰረቁ ባሕር ተሻግረው ይሸጣሉ። በሆለታ አጠገብ እንሰሳ ኮቴ የተባለ የአራዊት መጠጊያ አለ፤ በሕገ ወጥ መንገድ ተይዘው የተገኙትን አንበሶች፥ አቦ ሸማኔዎችና ሌሎች አራዊት ይቀበላል። ወደ ዱር መመለስ የሚችለውን ይመልሳል፤ ከሰው እጅ መብላት ስለ ለመደ ራሱን ማኖር የማይችለውን ግን ዕድሜውን ሙሉ ይጦረዋል።

እንግዲህ ከእናንተ የሚፈለገው ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። የአውሬ ግልገል ብታገኙ ከእናቱ አትለዩት፤ የሚሸጥ ብታዩም ለአስተማሪያችሁ ወይም ለቀበሌው ሹም ንገሩ። የቀይ ቀበሮ ብርቱ ጠላት ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብደት በሽታ ነውና ክትባት በመጣ ጊዜ ውሻችሁን አስከትቡ። ዘጠኝ ሳላ ከጥፋት የዳነው ብዙ ሰዎች በየስፍራቸው ጥቂት ጥቂት ስለ ሠሩ ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና።

ጥያቄ

1. የአውቶሞቢልና የጠመንጃ መምጣት ሳላውን ያጠፋው ስለ ምን ነው?
2. መንጋውን በብዙ ስፍራ መከፋፈል ምን ጥቅም ሰጠ?
3. በዖማን ሳላው ሁለተኛ ጊዜ የተመናመነበት ምክንያት ምንድን ነው?
4. በመንደራችሁ አጠገብ የሚኖሩትን አራዊት ስም ጽፋችሁ፥ ከአባቶቻችሁ ዘመን ይልቅ በዝተው ወይም አንሰው እንደ ሆነ ሽማግሌዎችን ጠይቁ።