ጌሾው ይመሰገናል፣ ሥራው የብቅሉ ነው

ጠላ ሲያምር እንግዳ የሚያመሰግነው ጌሾውን ነው። «ይሄ ጌሾ ከየት ነው የመጣው?» ይላል፣ ኩባያውን ገና ሳያስቀምጥ። ጓዳ ያሉት ሴቶች ፈገግ ብለው ያልፉታል። «ሙያ በልብ ነው» እየተባሉ ያደጉ ናቸውና የሚያውቁትን አደባባይ አያወጡም። እናንተ ግን ጠጋ በሉ፣ ልንገራችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላ ልጣል ብሎ የተነሳ ሰው ለጌሾ ገበያውን ሲያስስ ውሎ፣ ብቅሉን ካገኘው መደብ ሳያየው አስመዝኖ ሲገባ ያሳዝነኛል። ጠላው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚያ መደብ ላይ ነው።

ጌሾ ሥራ የለውም ማለቴ አይደለም። ምሬቱና መዓዛው የእሱ ነው፤ ጠላን ከሚያበላሹ ተህዋስያን ብዙዎቹን ያዳክማል፤ እርሾም አብሮት ይገባል። ሞቅታው የሚመጣው ግን ከእህሉ ነው። እህል ደግሞ በአብዛኛው ስታርች ነው፣ እርሾ ስታርች መብላት አይችልም፤ ስኳር ይፈልጋል። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡት ኢንዛይሞች ገብሱ ሲበቅል የሚፈጠሩ ናቸው። ብቅሉ ደካማ ከሆነ የፈለጋችሁትን ያህል ጌሾ ብትወቅጡ የምታገኙት መራራ ውሃ ነው። አንዳንድ ቤት ይህን ለመሸፈን ድፍድፉ ላይ ስኳር ይበተናል። በእርግጥ ይፈላል፣ ያሰክራልም፤ ጣዕሙ ግን ባዶ ነው፣ የእህል ወዝ የለውም። ለበዓል በቤታችሁ የምታደርጉት ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከገብሱ ጀምሩ። አዲስ የተወቃ ገብስ አይሆንም፤ ከአጨዳ በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚተኛ እኩል አይበቅልም። ነቀዝ የገባውም አይሆንም፣ ፅንሱ ተበልቷል። ለዘር ተብሎ በመድኃኒት የታሸ ገብስ ደግሞ ጨርሶ አይነካ፤ መርዝ ነው። ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አስቀምጡ። በሦስት ቀን ውስጥ ዘጠና አምስት ያህሉ ካልበቀለ ሌላ ገብስ ፈልጉ።

የተለቀመውና የታጠበው ገብስ አንድ ቀንና ሌሊት ይነከራል። ውሃው ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀየር፤ ፍሬው ውሃ ውስጥ ሆኖም ይተነፍሳል፣ ውሃው ከቆየበት ይታፈናል። ከዚያ ተጠንፍፎ በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ይጠቀለላል፤ ከተማ ላይ ንጹሕ ጆንያም ይሆናል። ጓዳ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ውጭ ግን የማይነገረው ነገር ይህ ነው፦ ጥቅልሉ በየቀኑ ተፈትቶ በእጅ መገላበጥ አለበት። የሚበቅል እህል ከውስጡ ይሞቃል። ካልተገላበጠ መሀሉ ይቃጠላል፣ ጠርዙ ሳይበቅል ይቀራል፣ ሥሩም ተቆላልፎ እንደ ምንጣፍ ይያያዛል። በደህና ሲሄድ ግን ጥቅልሉን ስትፈቱት አዲስ የተቆረጠ ኪያር ይሸታል። ያ ሽታ ሲመጣ ደስ ይበላችሁ። የሻገተ ሽታ ከመጣ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነገርም ካያችሁ፣ ብቅሉን ጣሉት። «ሲፈላ ይሞታል» የሚላችሁን አትስሙ፤ ሻጋታው ቢሞት እንኳ መርዙ በመፍላትም በማብሰልም አይጠፋም።

ሦስት አራት ቀን ሲሆነው ሥሩ የፍሬውን ቁመት ያክላል። ያን ጊዜ ፀሐይ ላይ በስሱ ይሰጣል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ምጣድ ያነሳል። አታንሱ። እርጥብ ብቅል ምጣድ ከነካ ኢንዛይሙ ያኔውኑ ይሞታል። የብቅል ፋብሪካዎችም በመጨረሻው ሰዓት ሙቀቱን ወደ 80 ዲግሪ ቢያደርሱትም፣ አስቀድመው በዝቅተኛ ሙቀት ብዙውን እርጥበት ያስወጣሉ። የደረቀውን በእጃችሁ አሹት፣ ሥሩ ይረግፋል፤ አንፍሱት። ከዚያ አንድ ፍሬ በጥርስ። ጥሬ ገብስ ጥርስን ይታገላል። የደረሰ ብቅል ግን ቀጭ ብሎ ይፈረካከሳል፣ መሀሉ ነጭ ዱቄት ነው፣ ምላስ ላይ ጣፋጭነቱ ይቀራል። መሀሉ ገና ጠጣር ከሆነ አልበቀለም። ብቅል ከገበያ ስትገዙም ይህንኑ አድርጉ። ሻጭዋ አትቆጣችሁም፤ የምታውቅ ገዢ መጣች ብላ ከታችኛው ጆንያ የተሻለውን ታወጣላችኋለች።

ቀጥሎ ያለው ምስጢር የቂጣውና የእንኩሮው ነው። ብዙ ሰው ቂጣው የሚጠቆረው ለቀለም ብቻ ይመስለዋል። ቀለሙ አለ፤ የጎንደር ጠላ ጥቁረትም እህሉን አጥብቆ ከመቁላት የሚመጣ ነው። ዋናው ግን መብሰሉ ነው። ጥሬ ስታርች ለብቅሉ ኢንዛይም በቀላሉ እጅ አይሰጥም፤ በውሃና በእሳት አብጦ መፈታት አለበት። ዱቄቱ በውሃ ርሶ ምጣድ ላይ እየታመሰ እንኩሮ ሲሆን የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ ምጣዱ ላይ ውሃ መርጨቱን አትሰስቱ። ደርቆ የተቆላ አሻሮ መዓዛና ቀለም ይሰጣል እንጂ በስሎ የተፈታውን አይተካም። እህሉ ዳጉሳ ይሁን ገብስ፣ በቆሎ ይሁን ማሽላ፣ የአገሩና የቤቱ ነገር ነው። ለእኔ ዳጉሳ የሚያህል የለም።

እንኩሮውን ትኩስ ሳለ ድፍድፉ ላይ መገልበጥ ግን የመጀመሪያ ጠማቂ ሁሉ ፈተና ነው። በፈረንጅ አጠማመቅ ብቅሉና ውሃው ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ሙቀት ተይዞ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ከዚያ ተጠልሎ ይቀቀላል፣ ቀዝቅዞ እርሾ ይገባበታል። በእኛ ጋን ውስጥ ግን ብቅሉ ስታርቹን ሲያጣፍጥ እርሾውም አብሮ እየበላ ነው፤ ሁለቱ ሥራ በአንድ ዕቃ፣ በቀናት ውስጥ፣ በክፍሉ ሙቀት ይሄዳል። ከእሳት የወረደ እንኩሮ ሁለቱንም በአንዴ ይገድላቸዋል። ሰፌድ ላይ ይዘርጋ፣ እጅ ውስጡ ሲገባ ቀዝቃዛ እስኪሆን ይጠበቅ።

ለጀማሪ የምመክረው ልክ ይህ ነው፦ አንድ ኪሎ ብቅል፣ አራት ኪሎ እህል፣ ግማሽ ኪሎ ጌሾ፣ ሃያ አምስት ሊትር ውሃ። የደቀቀው የጌሾ ቅጠል ከጥቂት ብቅልና ውሃ ጋር ሦስት ቀን ይጠነሰሳል። ከዚያ የተፈረፈረው ቂጣ፣ የጌሾው እንጨትና የቀረው ብቅል ገብተው ይደፈደፋል። ድፍድፉ ሦስት አራት ቀን ቆይቶ እንኩሮው ይጨመራል፤ ውሃው ሞልቶ ይከደናል፣ ሳምንት ይጠብቃል። ቤት ለቤት ቅደም ተከተሉ ይለያያል፣ አትከራከሩ። የእናታችሁ ቤት መንገድ ካለ እሱን ያዙ። ብቅሉ እንደ እንጀራ ዱቄት ባይልም ጥሩ ነው፣ ሸከር ሲል አተላው ቶሎ ይዘቅጣል።

የከተማ ውሃ ከሆነ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፣ ወይም አፉን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት። ክሎሪን ከእህሉና ጋኑ ከሚታጠንበት ጭስ ከሚወጡ ውህዶች ጋር ሲገናኝ ጠላው መድኃኒት መድኃኒት ይላል፤ ሰውም ጌሾውን ያማል።

ስለ ጋን አጥብቄ ልናገር። አዲስ ጋን ሳይሟሽ ጠላ አይገባበትም። የቆየውም ቢሆን በግራዋ ቅጠል ታሽቶ፣ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ደጋግሞ ታጥቦ፣ ተደፍቶ ደርቆ፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ ያልታጠበ ቀዳዳ ውስጥ የቀረውን የሚያሆመጥጥ ተህዋስ ያዳክማል። ጥሩ ጠላ ሲጠመቅበት የኖረ ጋን ግን ከሸክላው ጋር የተዋሐደ እርሾ አለው፤ በታሸገ እርሾ ያልጠመቁ ሴቶች ጠላቸው ሳይታክት የሚፈላላቸው አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ጋናችሁን አታውሱ የሚባለው ለንፉግነት አይምሰላችሁ።

ጀሪካን የምትጠቀሙ ደግሞ ይህን ስሙኝ። ሸክላ ይተነፍሳል፣ በጭቃ የተመረገ አፍም ትንሽ ጋዝ ያሳልፋል። ፕላስቲክ ግን ጥርቅም ነው። በሚፈላባቸው የመጀመሪያ ቀናት ክዳኑን አላሉት፤ ካልሆነ ተነፍቶ ይፈነዳል። ገና ያልጨረሰ ጠላ በጠርሙስ አሽጎ ማስቀመጥማ በዓይን መቀለድ ነው።

ጉሹን የሚወድ እንዳለ ይጠጣ፤ የጠራ የሚፈልግ ጨርቅ አድርጎ ያጥልለው። ተራው ጠላ የአልኮል መጠኑ በመቶ ከ2 እስከ 4 ይሆናል፤ ወፈር ብሎ የተጠመቀው ፊልተር ወደ 5 እና 6 ሊጠጋ ይችላል። አተላው ላይ ውሃ ሲመለስበት ቅራሪ ይወጣል። ቅራሪን የምትንቁ ካላችሁ አታድርጉት። ብቅላችሁ ጠንካራ እንደነበር የሚመሰክረው እሱ ነው፤ ቅራሪው ጣዕም ካለው ዋናው ጠላ በትክክል ተጠምቋል ማለት ነው።

በአሜሪካ ያላችሁ ብቅል አጣን አትበሉ። የቤት ጠማቂዎች ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች የገብስ ብቅል በፓውንድ ይሸጣሉ። «ፔል ሞልት» በሉ። ክሪስታል ወይም ጥቁር የተቆላውን አትውሰዱ፤ ቀለም እንጂ ኢንዛይም የለውም። ጌሾው ከሐበሻ ሱቅ ይገኛል። ሕጉንም እወቁ፦ በ1978 በወጣው የፌዴራል ሕግ አንድ አዋቂ ሰው ለቤቱ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት 200 ጋሎን ያለ ግብር መጥመቅ ይችላል፤ መሸጥ ግን አይፈቀድም።

ለፋሲካ ወይም ለጥምቀት ጠላ ለመጣል ያሰባችሁ፣ ቀኑን ከብቅሉ ጀምራችሁ ቁጠሩ። መንከሩ፣ ማብቀሉ፣ ማድረቁ፣ መጠንሰሱ፣ መደፍደፉና ተከድኖ የሚጠብቅበት ሳምንት ሲደመር ሦስት ሳምንት ያህል ይሄዳል። ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ገብሱ ውሃ ውስጥ ይግባ።